በቆርኪ የተበላ ሰው

ባለፉት አራት ዓመታት መካኒሳ ውስጥ ለጀበና ቡና ያወጣሁት ገንዘብ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቤቴ ደህና ፍሪጅ ይገባ ነበር። ቡና ወዳድ ሆኜ አይደለም፤ ጨጓራዬ ከአንድ ስኒ በላይ አይችልም። ነገሩ፣ ዳማ የምንጫወትበት ቦታ «የተሸነፈ ቡና ይከፍላል» የሚል ሕግ ስላለ ነው። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ያወጣሁ ቀን የማሸንፍ መስሎኝ ነበር።

ቦታው ጣሪያም ግድግዳም የለውም። ከሳር ቤት ወደ ጀሞ የሚወስደውን አስፋልት ትታችሁ ወደ ውስጥ ስትገቡ፣ ከአንድ ጋራዥ አጥር ሥር፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ታገኛላችሁ። ሳጥኑ ላይ 64 ቤት የተሣለበት ጣውላ ይቀመጣል። መጫወቻው ቆርኪ ነው፤ 12ቱ በፊታቸው፣ 12ቱ በጀርባቸው ይደረደራሉ። በትክክል ለመናገር ግን ቆርኪዎቹ 23 ናቸው። አንዱ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ በቦታው አንዲት ደረቅ ባቄላ ተተክታለች። ቆርኪው እንዴት እንደጠፋ ሰፈሩ እስካሁን አላወቀም።

ጓደኞቼን በስማቸው አልጠራም፤ ራሴን ላዋርድ ብነሳ እነሱ ምን አጠፉ? አንደኛው ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም «የኔታ» እንላቸዋለን። ሁለተኛው እዚያው ጋራዥ የሚሠራ መካኒክ ነው፤ እጁ ዘይት ስለማይለየው የነካው ቆርኪ ሁሉ ይታወቃል። ሦስተኛው የ13 ዓመት ሊስትሮ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣለት ተራውን አስጠብቆ ይሄዳል፣ ጫማውን አስውቦ ይመለሳል፣ ያሸንፋል። ቡናውን የምታፈላው እህታችን አትጫወትም፤ ግን ከሁላችንም ይልቅ በዳማ የተጠቀመችው እሷ ናት። ቅዳሜ ከሩቅ ስታየኝ ጀበናዋን ትጥዳለች።

ሰፈሩን ራሱ በወጉ ሳላውቀው ነው የኖርኩበት። ዙሪያችን ጋራዥ በጋራዥ ስለሆነ «መካኒሳ» የሚለው ስም ከመካኒክ የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለእንግዳ ሰውም እንደዚያ ብዬ በልበ ሙሉነት አስረድቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ሳስረዳ የኔታ ሰሙኝና «መካኒሳ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው፣ ዛፉ» አሉኝ። ዝም ብል ያምርብኝ ነበር። እኔ ግን እንዳወቀ ሰው ቀና ብዬ «ታዲያ ይሄ የተጠለልንበት ዛፍ ብሳና ነዋ!» አልኩ። «አይደለም ልጄ» አሉ። ተወራረድን። ግራቪሊያ ሆኖ ተገኘ። ቡና ከፈልኩ።

እንግዲህ ልናዘዝ። መጀመሪያ፣ ሰበብ እወዳለሁ። አዲስ አበባ ደግሞ ለሰበብ ወዳድ የተመቸች ከተማ ናት። ሥራዬን ያልጨረስኩት መብራት ጠፍቶ ነው፤ ያረፈድኩት ታክሲ አጥቼ ነው፤ ያልደወልኩት ኔትወርክ እምቢ ብሎኝ ነው። ክፋቱ፣ አብዛኛውን ጊዜ እውነት መሆኑ ነው። መብራቱም ይጠፋል፣ ታክሲውም ይታጣል፤ በዚያ ግርግር መሀል የእኔ ስንፍና አንገቱን ደፍቶ ሲያልፍ ማንም አይፈትሸውም። ሎተሪ ባይወጣልኝ ዕድሌ ነው። ኮንከር ብሸነፍ የደረሰኝ ካርታ ነው። ዳማ ግን እንዲህ ያለ መሸሸጊያ የለውም። ዕጣ አይወጣበትም፣ ካርታ አይበወዝበትም፣ ዳኛ አያዳላበትም። ተጋጣሚዬ የሚያየውን ሁሉ እኔም አያለሁ፤ ጣውላው ላይ የተደበቀ አንድም ነገር የለም። የተሸነፍኩት ስላላየሁ ነው፤ ያላየሁት ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ነው።

ይህን መዋጥ ሲያቅተኝ ምን አደረግሁ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ዕቃውን መምታት ጀመርኩ። ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ አልኩ፤ የጥላውን ወገን ለቀቁልኝ፤ በጥላው ተሸነፍኩ። አግዳሚው ያጋድላል አልኩ፤ መካኒኩ ከእግሩ ሥር ብረት አስገብቶ አስተካከለልኝ፤ በተስተካከለው ተሸነፍኩ። የኮካና የሚሪንዳ ቆርኪ ተቀላቅሎ አወናበደኝ አልኩና ከመርካቶ ነጭና ጥቁር የፕላስቲክ መጫወቻ ገዝቼ መጣሁ። ያን ቀን የተሸነፍኩት በንጹሕ ፕላስቲክ ነው፣ አምስት ጊዜ። በማግሥቱ ቆርኪው ተመለሰ። ፕላስቲኮቹን ትንሿ ልጄ ለአሻንጉሊቷ ሳህን አድርጋቸዋለች።

ሁለተኛው ኃጢአቴ ሆዳምነት ነው። የዳማ ሕግ ሰፈር እየለየ ይለያያል፤ የሚበላ ካገኘህ ሳትወድ የምትበላበት ቦታ አለ። እኛ ጋ ግዴታ የለም፤ ከፈለግህ ትበላለህ፣ ካልፈለግህ ታልፋለህ። በአራት ዓመት ውስጥ አልፌ አላውቅም። የኔታ ይህን ያውቃሉ። አንዷን ቆርኪ በሁለት ጣታቸው ገፋ አድርገው አፌ ሥር ያስቀምጧትና መነጽራቸውን መጥረግ ይጀምራሉ። መነጽር ሲጠረግ ወጥመድ ተጠምዷል ማለት ነው፤ ሊስትሮው ያውቃል፣ ቡና አፍዪዋ ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ግን ቆርኪዋ ብቻዋን ቆማ ሳያት እጄ ቀድሞኝ ይሄዳል። አንድ እበላለሁ። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ሦስት ይበላሉ፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጥጌ ገብተው ነግሠዋል። በእኛ ሕግ የነገሠ ቆርኪ በሰያፍ መንገዱ እስከተከፈተለት ድረስ የፈለገበት ይደርሳል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ቀብር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች። እየጠረጠረ ለሚመነጠር ሰው ግን የተረቱለት ነገር አልሰማሁም።

መካኒኩ አንድ ቀን፣ «አንተ ስትበላ ሳይህ የፋሲካ ሙክት ትዝ ይለኛል» አለኝ።

«ምነው?»

«ሙክትም ሲቀለብ ደስ ይለዋል።»

ሦስተኛው ኃጢአቴ ጣቴ ነው። ሕጉ «የነካ ይጫወት» ይላል። እኔ በሕጉ ላይ ማሻሻያ አድርጌበታለሁ፦ ጣት እስካልተነሳ ድረስ አልተጫወትኩም። ቆርኪውን ወደ አንዱ ቤት እገፋና ጣቴን ሳላነሳ የተጋጣሚዬን ፊት አያለሁ። ፊቱ ከበራ እመልሰዋለሁ። ከጨለመ ወደፊት እሄዳለሁ። ወዳጆቼ ይህን ነቅተውበት ፊታቸውን እንደ ግድግዳ ማድረግ ለመዱ፤ ሊስትሮው እንዲያውም እኔ ስሳሳት የሚያዝን፣ ሲቀናኝ ፈገግ የሚል ፊት ተማረ። በዚያ ፊት ብቻ ስድስት ቡና ከፍያለሁ። በ13 ዓመቱ ይህን ያወቀ ልጅ ወደፊት ዲፕሎማት ካልሆነ አገሪቱ ተጎዳች።

አራተኛው፣ ዕውቀቴ ዘግይቶ መድረሱ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እኔን ነው። ጣውላው ላይ የማይታየኝ ነገር ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አልጋዬ ውስጥ እንደ ቀን ይታየኛል። ጣሪያው ላይ 64ቱ ቤት ይዘረጋል፤ ቆርኪዎቹ አንድ በአንድ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። «የዳሩን ባልገፋው ኖሮ!» ብዬ ጮኼ ሚስቴን ቀስቅሻት አውቃለሁ። «እንግዲያው ተነስና ሄደህ ንገራቸው» ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

አምስተኛው ከሁሉ ያሳፍራል፤ ሌላው ሲጫወት ጎበዝ ነኝ። ከጎን ቆሜ ሳይ መንገዱ ሁሉ ይታየኛል። «ኧረ እሱን አትንካ! በዚህ በኩል!» እላለሁ። ምክሬን የተቀበለ ያሸንፋል፤ በእኔ ምክር የኔታን ያሸነፈ ሰው አለ። አሸናፊው አመስግኖኝ ሲነሳ ቦታውን እወርሳለሁ፤ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቡና እከፍላለሁ። ለሰው ልጅ ትዳር፣ ለወንድሜ ንግድ፣ ለጎረቤት የቤት ፕላን የምሰጠው ምክርም እንደዚሁ ነው፤ የራሴ ሲሆን ዓይኔ ይታወራል።

እነዚህን ሁሉ ይዤ ብቀመጥ ደህና ነበር። እኔ ግን ሳይንስ ጠራሁ። ዮናታን ሼፈር የተባለ የኮምፒውተር ተመራማሪ በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ቺኑክ የሚባል የዳማ ፕሮግራም ሠርቷል። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ በ2007 ተጠናቀቀ፤ ሼፈርና ባልደረቦቹ በብዙ ኮምፒውተሮች ሲያሰሉ ኖረው ጨዋታው ተፈታ አሉ። እነሱ የፈቱት የእንግሊዞቹን ዓይነት ነው፤ ንጉሡ እንደኛው አይበርም፣ አንድ አንድ እርምጃ ነው የሚሄደው። በ64ቱ ቤት ላይ ሊፈጠር የሚችለው አደራደር 5 ቁጥር 20 ዜሮ አስከትሎ እንደሚጻፈው ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ ቁጥር የወጣው መልስ ግን አጭር ነው፦ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ጨዋታው አቻ ያልቃል።

ይህን ሳነብ ነፃ የወጣሁ መሰለኝ። ቅዳሜ ሄጄ፣ ቆሜ፣ እንደ ሰባኪ እጄን ዘርግቼ «ዳማ በተፈጥሮው አቻ ነው! በሳይንስ ተረጋግጧል!» አልኳቸው። የኔታ በጽሞና አዳመጡኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንግዲያው አቻ መሆኑን የሚያበላሸው የተሳሳተው ሰው ብቻ ነዋ?» አሉ።

«አዎ» አልኩ፣ ወጥመዱን ሳላይ።

መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር።

ከዚያው ንባብ ማሪዮን ቲንስሊ ስለሚባል አሜሪካዊ አውቄያለሁ። የሒሳብ ምሁርና ሰባኪ ነበር፤ ከ40 ዓመት በላይ ሲጫወት የተሸነፈባቸው ጨዋታዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እሱ በዕድሜው የተሸነፈውን ያህል እኔ ቅዳሜ ከምሳ በፊት እሸነፋለሁ። ይህን ለወዳጆቼ አልነገርኳቸውም፤ ሳይንሱ ካደረሰብኝ በኋላ ታሪክን ማመን አቃተኝ።

እንዲያም ሆኖ ወደ ታሪክ ሸሸሁ። «ዳማ ምን ጨዋታ ነው፣ የነገሥታቱ ጨዋታ ሰንጠረዥ ነው» ማለት ጀመርኩ። እዚህ ላይ መረጃዬ ጥሩ ነበር። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ሰንጠረዥም ስለ ገበጣም በሰፊው ጽፈዋል። ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል፤ እቴጌ ጣይቱም ጨዋታውን ያውቁት ነበር። ሰሌዳው እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ አልነበረም፤ በጨርቅ ላይ መስመር ብቻ ይሰመርበት ነበር። ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን አጀማመሩ ነው። ወረራ ይሉታል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም እኩል፣ በፈለጉት ፍጥነት፣ እያዩና እየለዋወጡ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። የማሸነፊያውም ክብር ደረጃ አለው፤ ንጉሡን በፈረስ ከመያዝ ይልቅ በተራ እግረኛ የያዘ ይወደሳል።

ተራ የሌለው ጨዋታ! ለእኔ ትዕግሥት ማጣት የተሠራ መሰለኝ። ጨርቅ አሰመርኩ፣ ከመካኒኩ ጋር ተቀመጥን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኔ በሁለት እጄ እያጣደፍኩ ሠራዊቴን ስበትን፣ እሱ በአንድ እጁ ቡናውን ይዞ በሌላው አሰላለፌን እያየ ያስተካክል ነበር። ንጉሤን የያዘው በእግረኛ ነው። ወግ ነውና አወደስነው። በዳማ ስሸነፍ ቢያንስ ታሪክ አልተነካም ነበር፤ በሰንጠረዥ የተዋረድኩት ከነአያቶቼ ነው።

ገበጣም ሞክሬያለሁ። የተማርኩት ከአያቴ ነው፣ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን በባቄላ። አያቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ከአንዱ ጉድጓድ የሚታፈሰው ፍሬ የት ላይ እንደሚያልቅ ግን እጃቸውን ሳያነሱ ያውቁታል። እኔ 12ኛ ክፍል ደርሼም በጣቴ እየቆጠርኩ እሳሳት ነበር። እንደ የሓ ባሉ ጥንታዊ ቦታዎች ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ የገበጣ ረድፍ የሚመስሉ ጉድጓዶች አሉ፤ ሲነገር እንደሰማሁት ከአክሱም ዘመን የቀሩ ናቸው። ይህን ሳስብ ትንሽ እጽናናለሁ። ከሺህ ዓመት በፊትም እዚያ ድንጋይ ላይ ተጎንብሶ፣ ተቆጥቶ፣ «ፍሬው ጎድሏል!» ያለ አንድ የእኔ ዓይነት ሰው ሳይኖር አይቀርም።

እስካሁን የነገርኳችሁን ወዳጆቼ ሁሉ ያውቁታል፤ ስቀውበታል፣ ቡናዬን ጠጥተውበታል። የቀሩት ሁለቱ ግን ከእኔ በቀር ማንም አያውቃቸውም።

አምና አባቴ አረፈ። ለቅሶው ላይ የኔታ ሦስቱንም ቀን ድንኳን ውስጥ አብረውኝ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ጥቁሬን ለብሼ ወደ ጋራዡ አጥር ሄድኩ፤ ቤት መቀመጥ አቅቶኝ። የኔታ ምንም ሳይሉ ቆርኪውን ደረደሩ። ተጫወትን። አሸነፍኳቸው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የኔታን አሸነፍኩ! ቡናውን ከፈሉ፤ «ዛሬ ጎበዝህ» አሉ። እኔም ሐዘኔን ረስቼ ላየሁት ሁሉ አወራሁ። ለታክሲ ረዳት ነግሬያለሁ። «እግዚአብሔር ያጥናህ» ሊለኝ ለደወለ ዘመድ እንኳ፣ አሜን ካልኩ በኋላ፣ ነግሬዋለሁ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎረርኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጨዋታው ጣሪያው ላይ ተዘረጋ። ድሌን ደግሜ ልደሰትበት ብዬ እንጂ ስህተት ልፈልግ አልነበረም። መሀል ላይ ስደርስ ቆምኩ። የኔታ ሁለት ቆርኪዬን በአንድ ዝላይ መብላት ይችሉ ነበር። ፊት ለፊታቸው ነበር፤ ሊስትሮው እንኳ የማይስተው። አልበሉም፤ አለፉኝ። ያን ቀን መነጽራቸውንም አልጠረጉም። ያን ሌሊት ሚስቴን አልቀሰቀስኳትም። የኔታንም እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም።

ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር። እኔ ግን «እንግዲያው በራሴ ጉልበት የማሸንፈው አንድ ሰው ማግኘት አለብኝ» ብዬ የመረጥኩት ሊስትሮውን ነው። ከልጅ ጋር ስንጫወት ቡናው በሻይ ይታሰባል። ተቀመጥን። ልጁ እንደ ልማዱ እያፏጨ ይገፋል። ጨዋታው ወደ ማለቁ ሲቃረብ አንዱ ቆርኪው፣ የአምቦ ውሃ ቆርኪ ነው፣ ጥጌ ሊገባ አንድ እርምጃ ቀረው። ሊነግሥ ነው። በዚህ መሀል አስፋልቱ በኩል ሁለት መኪና ተጋጩ፤ ድምፁን ሰምቶ ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ሁሉም ሲዞር የእኔ እጅ አልዞረም።

ልጁ ተመለሰ። ጣውላውን አየ። አንዴ ቆጠረ፣ ደገመ። ቀና ብሎ አየኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቆርኪ ወድቆብን ይሆን?» አለና ተንበርክኮ አግዳሚው ሥር መፈለግ ጀመረ። እኔስ? እኔም ተንበርክኬ አብሬው ፈለግኩ። የሚፈለገው ቆርኪ ኪሴ ውስጥ ጭኔን እየወጋኝ፣ አቧራውን በእጄ እየጠረግኩ «የት ገባ በናትህ?» አልኩ።

ስላላገኘነው ጨዋታውን ባለው ጨረስን። አሸነፍኩ። ሻዩን እኔ ልክፈል ብል፣ «አይሆንም ጋሼ፣ ሕግ ነው» ብሎ ከሊስትሮ ሳጥኑ መሳቢያ ሳንቲሙን ቆጥሮ ከፈለ። በማግሥቱ ባቄላዋን ከቤቱ ይዞ የመጣውም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ባቄላዋ ብዙ ጊዜ ነግሣብኛለች፤ በነገሠች ቁጥር መካኒኩ እየሳቀ ይሰግድላታል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ሒሳቡ ይኸው ነው። በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አሸንፌያለሁ። አንዱ ስጦታ ነው፣ አንዱ ስርቆት። የቀረው ሽንፈት ሁሉ፣ ስንት እንደሆነ ቡና አፍዪዋ ታውቃለች፣ ሙሉ በሙሉ የራሴ ነው፤ መብራትም ኔትወርክም የለበትም።

ቆርኪው አሁንም የኮቴ ኪስ ውስጥ ነው። በመጪው ቅዳሜ ጣውላው ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ይህንንም ጽሑፍ አነብላቸዋለሁ። ልጁ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። ሻዩን ግን እኔ እከፍላለሁ።